መርፌ ሳይገባ የኩላሊትን ጠባሳ ማየት ይቻላል?

"አልትራሳውንድ ታይቼ ኩላሊትህ ደህና ነው ተብያለሁ" የሚል ሰው ብዙ ነው። ብዙ ጊዜም የተነገረው ትክክል ነው። ግን ደህና የተባለው ምኑ ነው? የተለመደው አልትራሳውንድ የኩላሊቱን መጠንና ቅርጽ ያሳያል። ጠጠር፣ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ወይም ዕጢ ካለ ያሳያል። የሽንት መውረጃው ተዘግቶ ኩላሊቱ ካበጠም ይታያል። ስኳርና ደም ግፊት ኩላሊት ላይ የሚያደርሱት ዋናው ጉዳት ግን ጠባሳ ነው። ጠባሳ ደግሞ በተለይ ሲጀምር በዚህ ምስል ላይ አይታይም።

ተመራማሪዎች ይህንኑ ጠባሳ መርፌ ሳያስገቡ በአልትራሳውንድ ለመለካት ከጀመሩ ዓመታት ተቆጥረዋል። ተስፋ የሚሰጥ ውጤት አለ። እርስ በርሱ የሚጋጭ ውጤትም አለ። ይህን ጽሑፍ የጻፍኩት ሁለቱንም በግልጽ ለማስረዳት ነው፤ ምክንያቱም አንድ ሰው ስለ ኩላሊቱ የሚወስነው ውሳኔ በዚህ ዓይነት የምርመራ ውጤት ወረቀት ላይ የሚመሠረትበት ጊዜ አለ።

ጠባሳው ከየት ይመጣል?

በእያንዳንዱ ኩላሊት ውስጥ በአማካይ አንድ ሚሊዮን ገደማ ጥቃቅን ማጣሪያዎች አሉ። ኔፍሮን ይባላሉ። ልብ በየደቂቃው ከሚረጨው ደም አንድ አምስተኛ የሚሆነው ወደ ሁለቱ ኩላሊቶች ይሄዳል። በቀን ወደ 180 ሊትር ፈሳሽ ይጣራል። ከዚህ ውስጥ ሽንት ሆኖ የሚወጣው ከ1 እስከ 2 ሊትር ብቻ ነው፤ የቀረው ወደ ደም ይመለሳል። ይህን የደም ብዛት ያዙልኝ። ኋላ ላይ ልኬቱን የሚያስቸግረው ዋናው ነገር እሱ ነው።

ማጣሪያዎቹ ሲጎዱ ሰውነት ለመጠገን ይነሣል። የጥገና ሴሎች ኮላጅን የሚባል ጠንካራ ፕሮቲን ያመርታሉ። ጉዳቱ አንዴ ደርሶ ካበቃ ጥገናውም ያበቃል። ስኳሩ ወይም ግፊቱ ለዓመታት ካልተስተካከለ ግን ጥገናው ማቆሚያ ያጣል። ኮላጅኑ ሽንት በሚያልፍባቸው ጥቃቅን ቱቦዎች መካከል ያለውን ቦታ ይሞላዋል። ቀጫጭኖቹ የደም ሥሮች እየጠፉ ይሄዳሉ። ደም ያጣው ክፍል ኦክስጅን ያጥረዋል፤ ኦክስጅን ያጠረው ክፍል ተጨማሪ ጠባሳ ያወጣል። ሐኪሞች ፋይብሮሲስ የሚሉት ይህንን ነው። መነሻው ስኳር ሊሆን ይችላል፣ ደም ግፊት ሊሆን ይችላል፣ የማጣሪያዎቹ ብግነት ወይም በተደጋጋሚ የሚዘጋ የሽንት መስመር ሊሆን ይችላል። ሲቆይ ግን ሁሉም ወደዚሁ ጠባሳ ያመራል።

ይህ ሁሉ ሲሆን ሰውየውን ምንም አያመውም። ኩላሊት የሚያስወግደውና በደም የሚለካው ክሪያቲኒን የሚባለው ቆሻሻ እንኳ የኩላሊቱ አቅም ግማሽ ገደማ እስኪጠፋ ድረስ ከመደበኛው ክልል ላይወጣ ይችላል። የተረፉት ማጣሪያዎች የሞቱትን ሥራ ደርበው ስለሚሠሩ ነው።

ጠባሳውን ማወቁ ምን ይጠቅማል?

ክሪያቲኒናቸው እኩል የሆነ ሁለት ሕመምተኞችን እናስብ። የአንደኛዋ ኩላሊት የተቆጣ ነው፤ ብግነት አለው። የሁለተኛው ደግሞ አብዛኛው ክፍል ጠባሳ ሆኗል። የደም ምርመራው ሁለቱን አይለያቸውም። ሕክምናቸው ግን በጣም ይለያያል። ለመጀመሪያዋ እንደ ስቴሮይድ ያሉ የሰውነትን መከላከያ የሚያረጋጉ መድኃኒቶች ኩላሊቷን ሊያተርፉላት ይችላሉ። ለሁለተኛው ያው መድኃኒት ቢሰጠው ጥቅሙ ትንሽ ነው፤ ለኢንፌክሽንና ለሌላ ጉዳት ግን ያጋልጠዋል። ጠባሳን ወደ ጤነኛ ሥጋ የሚመልስ መድኃኒት እስካሁን የለምና።

በባዮፕሲ፣ ማለትም ከኩላሊት በመርፌ በሚወሰድ ናሙና፣ ከሚታዩት ነገሮች ሁሉ ኩላሊቱ ወደፊት ምን እንደሚገጥመው ጥሩ አድርገው ከሚናገሩት አንዱ የጠባሳው መጠን ነው። ለዚህ ነው ሐኪሞች ይህን ያህል የሚጨነቁበት።

እስካሁን ጠባሳውን በእርግጠኝነት የሚያሳየው መንገድ ባዮፕሲ ነው። የዴንማርክ ሐኪሞች የሆኑት ፖል ኢቨርሰንና ክላውስ ብሩን እ.ኤ.አ. በ1951 ከኩላሊት በመርፌ ናሙና የመውሰድን ዘዴ ካሳተሙ ወዲህ አሠራሩ ብዙ ተሻሽሏል። ዛሬ ሕመምተኛው አብዛኛውን ጊዜ በሆዱ ይተኛል። ጀርባው ላይ ማደንዘዣ ይወጋል። ሐኪሙ መርፌው የት እንደደረሰ በአልትራሳውንድ እያየ፣ ከ2 ሚሊሜትር የሚቀጥን ክር የሚመስል ናሙና ያወጣል። ፓቶሎጂስቱ በማይክሮስኮፕ አይቶ ከናሙናው ስንት በመቶው ጠባሳ እንደሆነ ይጽፋል። ከ25 በመቶ በታች ቀላል፣ ከ25 እስከ 50 መካከለኛ፣ ከ50 በላይ ከባድ ይባላል።

ባዮፕሲ በጥቅሉ ደህንነቱ የተጠበቀ ነው፤ መፍራት አያስፈልግም። ግን ኩላሊት ደም የበዛበት አካል ስለሆነ መድማት ያጋጥማል። ከ100 ሰው በ3 ወይም በ4ቱ ሽንት ላይ በዓይን የሚታይ ደም ይመጣል፤ ደም መውሰድ እስኪያስፈልገው የሚደርሰው ከ100 አንድ ሰው ገደማ ነው። ከዚያ በኋላ ለሰዓታት፣ አንዳንዴም እስከ ማግስቱ ተኝቶ መጠበቅ አለ። ናሙናውም ከአንድ ጥግ የተወሰደ ትንሽ ቁራጭ ነው። ጠባሳው ደግሞ ኩላሊቱ ውስጥ እኩል ላይሰራጭ ይችላል። በየስድስት ወሩ እየወጉ ማየትም አይታሰብም። በአገራችን ላይ ሌላ ችግር ይጨመርበታል። የኩላሊት ናሙና በሚገባ የሚያነብ ፓቶሎጂስትና ለዚያ የሚያስፈልገው መሣሪያ በብዙ ቦታ አይገኝም።

የተለመደው አልትራሳውንድ ምን ያህል ይነግረናል?

አልትራሳውንድ የሚጠቀመው የእኛ ጆሮ የማይሰማውን ድምፅ ነው። ጆሮ ቢበዛ እስከ 20,000 ኸርዝ ይሰማል። የሆድ አልትራሳውንድ የሚልከው ድምፅ ከ2 እስከ 5 ሚሊዮን ኸርዝ አካባቢ ነው። ድምፁ ሥጋ ውስጥ በሴኮንድ 1,540 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ነጥሮ ሲመለስ መሣሪያው ምስል ይሠራበታል። ጨረር የለውም። ነፍሰ ጡርም ትታይበታለች።

ውጤቱ የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ብዙ ሰው ወረቀቱን ይዞ ግራ ይገባዋል። የአዋቂ ኩላሊት ርዝመቱ ከ10 እስከ 12 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። ከ9 በታች ከወረደና የውጭው ሽፋን፣ ማለትም ኮርቴክሱ፣ ከሳሳ ሕመሙ የቆየ ነው ማለት ነው። "ኢንክሪስድ ኤኮጄኒሲቲ" ከተባለ ኩላሊቱ ስክሪኑ ላይ ከሚገባው በላይ ነጭ ሆኖ ታይቷል። ጤነኛ ኩላሊት አጠገቡ ካለው ጉበት ጋር ሲነጻጸር እኩል ወይም ጠቆር ይላል። "ሎስ ኦፍ ኮርቲኮሜዱላሪ ዲፈረንሲዬሽን" ደግሞ የውጭውና የውስጡ ክፍል ድንበር ደብዝዟል ማለት ነው።

እነዚህ ምልክቶች ጠቃሚ ናቸው። ሆኖም ንጣቱ ከጠባሳም ከብግነትም ሊመጣ ይችላል። ጉበቱ ስብ ካለበት ንጽጽሩ ራሱ ይበላሻል። ነጭነቱንም የሚፈርደው የባለሙያው ዓይን ነው፤ ሁለት ባለሙያዎች ላይስማሙ ይችላሉ። በተለይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። በስኳር ወይም በኤች አይ ቪ የተጎዳ ኩላሊት ሕመሙ እየገፋ እንኳ መጠኑ ሳይቀንስ፣ አንዳንዴም ተልቆ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ የስኳር ሕመምተኛ "ሳይዙ ኖርማል ነው" ተብሎ ብቻ ልቡ ባያርፍ ጥሩ ነው።

ዶፕለር የሚባለውም አለ። ደም በኩላሊቱ የደም ሥሮች ውስጥ እንዴት እንደሚፈስ ያሳያል። ከእሱ "ሬዚስቲቭ ኢንዴክስ" የሚባል ቁጥር ይወጣል። ከ0.7 በላይ ሲሆን ከፍ ብሏል ይባላል። ከጠባሳ ጋር ግንኙነት አለው፤ ግን በዕድሜ፣ በልብ ምትና በደም ሥር መድረቅም ይለወጣል። ብቻውን ብዙ አያስኬድም።

ኢላስቶግራፊ፦ ጥንካሬን መለካት

ጠባሳ ያለበት ሥጋ ይጠነክራል። ሐኪም በእጁ ሆድ ተጭኖ ጉበት ሲጠነክር ሊያውቅ የሚችለው ለዚህ ነው። ይህን የእጅ ጥበብ ወደ መሣሪያ የማሸጋገር ሐሳብ "ኢላስቶግራፊ" የሚል ስም ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1991 ነው። ጆናታን ኦፊርና ባልደረቦቹ በአሜሪካዋ ቴክሳስ ያወጡት ሥራ መነሻው ሆነ። ዛሬ በብዛት የሚሠራበት ዓይነት እንዲህ ይሄዳል። መሣሪያው ጠንከር ያለ የድምፅ ግፊት ይልክና ሥጋውን በጣም በትንሹ ይገፋዋል። ከተገፋው ነጥብ ወደ ጎን ቀስ ያለ ሞገድ ይሄዳል። ሸር ዌቭ ይሉታል። ፍጥነቱ በሴኮንድ ጥቂት ሜትር ብቻ ነው። ሥጋው በጠነከረ ቁጥር ይህ ሞገድ ይፈጥናል። መሣሪያው ፍጥነቱን ይለካና ውጤቱን በሜትር በሴኮንድ ወይም በኪሎፓስካል ይሰጣል። ሕመምተኛው ምንም አይሰማውም። ጄል ይቀባል፣ ትንፋሽ ይያዛል፣ በደቂቃዎች ያልቃል።

ጉበት ላይ ኢላስቶግራፊ ትልቅ ለውጥ አምጥቷል። ፋይብሮስካን የሚባለው የፈረንሳይ መሣሪያ ብዙ የሄፓታይተስ ሕመምተኞችን ከጉበት ባዮፕሲ አድኗቸዋል። አዲስ አበባ ላይ እ.ኤ.አ. በ2015 በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ የተጀመረው የሄፓታይተስ ቢ ሕክምና ፕሮግራም ማን ሕክምና ይጀምር የሚለውን ለመወሰን ተጠቅሞበታል። ታዲያ ጉበት ላይ ከሠራ ኩላሊት ላይ ለምን አይሠራም?

ኩላሊት ግን ከጉበት በብዙ ይለያል። ጉበት ትልቅ ነው፣ ከጎድን አጥንት ሥር ቅርብ ነው፣ ከጥግ እስከ ጥግ አንድ ዓይነት ሥጋ ነው። ኩላሊት ትንሽ ነው። ከጀርባ በኩል ጠልቆ ይቀመጣል። በስብ ተከቧል። በተነፈስን ቁጥር ወደ ላይና ወደ ታች ይሄዳል። ኮርቴክሱና የውስጡ ክፍል ጥንካሬያቸው ይለያያል። ቱቦዎቹና የደም ሥሮቹ ከመሐል ወደ ዳር ተደርድረው ስለሚሄዱ ሞገዱ በአንድ አቅጣጫ ሲለካና በሌላ አቅጣጫ ሲለካ የተለያየ ፍጥነት ያሳያል። ባለሙያው መሣሪያውን ትንሽ ሲያዘነብለው ቁጥሩ ይቀየራል። ቆዳውን ጫን ሲያደርገውም ይቀየራል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ቅድም ያዙልኝ ያልኩት ደም ነው። የእግር ኳስ የሚጠነክረው በቆዳው ብቻ ሳይሆን በውስጡ ባለው አየርም ነው። ኩላሊትም በማይለጠጥ ስስ ሽፋን የተጠቀለለ፣ በደምና በሽንት ግፊት የተወጠረ አካል ነው። ፈረንሳይ ውስጥ በአሳማዎች ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት ይህን በግልጽ አሳይቷል። ወደ ኩላሊቱ ደም የሚያስገባው ሥር ሲታሰር ኩላሊቱ ለሰለሰ። ደም የሚያስወጣው ሥር ሲታሰር ጠነከረ። የሽንት መስመሩ ላይ ግፊት ሲጨመርም ጠነከረ። በእነዚያ ደቂቃዎች ውስጥ ጠባሳው አልጨመረም፣ አልቀነሰም። የተለወጠው ግፊቱ ብቻ ነው።

አሁን ለረጅም ጊዜ ወደታመመ ኩላሊት እንመለስ። ጠባሳው እየጨመረ ሲሄድ ሥጋው ይጠነክራል። በዚያው ጊዜ ደም ሥሮቹ እየጠፉ ወደ ኩላሊቱ የሚገባው ደም ይቀንሳል። ይህ ደግሞ ያለሰልሰዋል። ሁለቱ በተቃራኒ አቅጣጫ ይጓተታሉ። በሰው ላይ የተደረጉት ጥናቶች የተለያዩበት አንዱ ትልቅ ምክንያት ይህ ይመስለኛል። አንዳንዶቹ ሕመሙ ሲገፋ ጥንካሬው ይጨምራል ብለዋል። ሌሎቹ ይቀንሳል ብለዋል። ምንም ግንኙነት አላገኘንም ያሉም አሉ። የመሣሪያ አምራቾቹም ብዙ ናቸው፤ የአንዱ ቁጥር ከሌላው ጋር በቀጥታ አይወዳደርም። ስለዚህ "ከዚህ ኪሎፓስካል በላይ ከሆነ ኩላሊቱ ጠባሳ አለው" የሚል ሁሉም የሚስማማበት ድንበር የለም።

የተተከለ ኩላሊት ላይ

ኢላስቶግራፊ የሚቀናበት ቦታ የተተከለ ኩላሊት ነው። በንቅለ ተከላ የሚገባው ኩላሊት የሚቀመጠው ከእምብርት በታች በጎን በኩል፣ ከቆዳው ብዙም ሳይርቅ ነው። በትንፋሽ ብዙ አይንቀሳቀስም። ለአልትራሳውንድ በጣም ምቹ ነው። ከዚህም በላይ ንቅለ ተከላ የተደረገለት ሰው ኩላሊቱ በየጊዜው መታየት አለበት፤ ባዮፕሲውም ሊደጋገምበት ይችላል። በመሣሪያ ተለክቶ አንዱ ባዮፕሲ እንኳ ቢቀርለት ትልቅ ነገር ነው። በአገራችን ንቅለ ተከላ በቅዱስ ጳውሎስ እ.ኤ.አ. በ2015 ተጀምሯል። ስለዚህ ጉዳዩ ለእኛም ሩቅ አይደለም።

ሆኖም እዚህም ጥንቃቄ ይፈልጋል። የተተከለ ኩላሊት የሚጠነክረው በጠባሳ ብቻ አይደለም። ሰውነት ኩላሊቱን መቃወም ሲጀምር ያብጣል፤ ያን ጊዜም ይጠነክራል። ሽንት ሲዘጋም ይጠነክራል። መሣሪያው አንድ ነገር እንደተለወጠ ሊጠቁም ይችላል። ምን እንደተለወጠ የሚለየው ሐኪሙ ነው፤ ካስፈለገም ባዮፕሲው።

ወደፊት የሚጠበቀው

እኔን ይበልጥ ተስፋ የሚሰጠኝ ጥንካሬን ትቶ ቀጫጭን የደም ሥሮችን የሚያየው መንገድ ነው። በደም ሥር ጥቃቅን የጋዝ አረፋዎች ይሰጣሉ። መጠናቸው ከቀይ የደም ሴል ጋር ይቀራረባል። ከደም ሥር አይወጡም፤ በኩላሊትም አይጣሩም። ጋዙ ከትንፋሽ ጋር ይወጣል። ለኩላሊት ሕመምተኛ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው፤ ለሲቲ ስካን የሚሰጠው አዮዲን ያለበት ማቅለሚያ ኩላሊቱ ለደከመ ሰው ጥንቃቄ ይፈልጋልና። አረፋዎቹን አንድ በአንድ እየተከታተሉ በተለመደው አልትራሳውንድ ፈጽሞ የማይታዩ ቀጫጭን የደም ሥሮችን ምስል መሥራት ተችሏል። ጠባሳ ባለበት ቦታ እነዚህ ሥሮች ስለሚጠፉ የእነሱን መሳሳት መለካት ጠባሳውን በተዘዋዋሪ መለካት ይሆናል። ነገሩ ገና ምርምር ላይ ነው። ሕመምተኛው ትንሽ ሲንቀሳቀስ ምስሉ ይበላሻል፤ ስሌቱም ከባድ ነው።

ሌላው ኮምፒውተርን በብዙ ሺህ የአልትራሳውንድ ምስሎች አሠልጥኖ ዓይን ያላየውን እንዲያይ ማድረግ ነው። ከዕድሜ፣ ከክሪያቲኒንና ከሽንት ፕሮቲን ጋር ሲዳመር ጥሩ ግምት ሊሰጥ ይችላል። እዚህ ላይ የእኔ ጥያቄ ኮምፒውተሩ የሠለጠነው በማን ምስል ነው የሚለው ነው። በሌላ አህጉር ሕመምተኞችና በሌላ መሣሪያ የተማረ ፕሮግራም እኛ ጋ መጥቶ ከመሥራቱ በፊት እዚሁ መፈተን አለበት።

ይህ ሁሉ ጥረት የሚደረግበት ሌላም ምክንያት አለ። ጠባሳን የሚያቆሙ መድኃኒቶች እየተፈለጉ ነው። መድኃኒቱ መሥራቱን ለማወቅ ጠባሳውን ደጋግሞ መለካት ያስፈልጋል። ሕመምተኛን ደጋግሞ መውጋት ደግሞ ከባድ ነው። ጥሩ መለኪያ ከተገኘ የመድኃኒት ፍለጋውም ይፈጥናል።

ዛሬ ላይ ያለ ሰው ምን ያድርግ?

ስኳር፣ ደም ግፊት፣ ኤች አይ ቪ ወይም ኩላሊት የታመመ የቅርብ ዘመድ ያለው ሰው ከማንኛውም ውድ ምርመራ በፊት ሁለት ነገር ይጠይቅ። አንደኛው ክሪያቲኒንና ከእሱ የሚሰላው የማጣራት አቅም ነው። ሁለተኛው በሽንት ውስጥ ያለው አልቡሚን የሚባል ፕሮቲን ነው። ሁለተኛው እኛ ጋ በጣም ይረሳል፤ ይህ ያሳዝነኛል። ኩላሊት ክሪያቲኒኑ ሳይነካ አልቡሚን ማፍሰስ ሊጀምር ይችላል። በሽንት ያለው አልቡሚን ለአንድ ግራም ክሪያቲኒን 30 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ወይም የማጣራት አቅሙ ከ60 በታች ከወረደና ይህ ከ3 ወር በላይ ከቆየ የቆየ የኩላሊት ሕመም ይባላል።

ይህ ከታወቀ የሚሠራ ነገር አለ። ግፊትንና ስኳርን ማስተካከል ዋናው ነው። ኢናላፕሪልና ሎሳርታን የመሳሰሉት ግፊት ከመቀነስ አልፈው ኩላሊትን ይከላከላሉ። ለስኳር የመጡት ዳፓግሊፍሎዚንና ኢምፓግሊፍሎዚን ስኳር በሌለባቸው ሰዎች ላይ ጭምር የኩላሊት ሕመምን እንደሚያዘገዩ በትልልቅ ጥናቶች ታይቷል። ለማን እንደሚስማማ የሚወስነው ሐኪም ነው። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌንን ግን ከፋርማሲ እየገዙ ለወገብ ሕመም መዋጥ፣ በተለይ ኩላሊቱ ለደከመ ሰው፣ አደገኛ ነው። ይህን ለእናት ለአባቶቻችን ደጋግመን እንንገራቸው።

ሐኪም ባዮፕሲ ያስፈልግሃል ሲል "በአልትራሳውንድ አይሆንም ወይ?" ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። ጥሩ ሐኪም ለምን እንደማይሆን ያስረዳል። አብዛኛውን ጊዜ መልሱ ጠባሳው ብቻ ሳይሆን የሕመሙ ዓይነት መታወቅ ስላለበት ነው፤ ያን ደግሞ ዛሬ ያለ የትኛውም አልትራሳውንድ አይነግረንም።

የኩላሊት ኢላስቶግራፊ የተሠራለት ሰው ደግሞ አንዱን ቁጥር ይዞ አይደንግጥ፣ አይዝናና። የዘዴው ጥቅም አንድን ሰው ከራሱ ጋር እያነጻጸሩ በማየት ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ለዚህም የመሣሪያውን ስም፣ ቀኑን፣ የዚያን ቀን የደም ግፊቱንና በየትኛው ኩላሊት በየትኛው ቦታ እንደተለካ ወረቀቱ ላይ ያስጽፍ። ቀጣዩ ልኬት በዚያው መሣሪያ፣ ቢቻል በዚያው ባለሙያ እጅ ይሁን። የሁለቱም ቀን ክሪያቲኒንና የሽንት አልቡሚን አብሮ ይቀመጥ፤ ሐኪሙ ቁጥሮቹን ጎን ለጎን ሊያነባቸው የሚችለው ያኔ ነው።